16ቱ ብርድ ልብሶች

«የ16ቱስ?»

ጥያቄው ይኸው ነው። ሰላምታ የለው፣ ማብራሪያ የለው። ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ተጽፎ ጠዋት ስነቃ አገኘሁት። ከሥሩ አርባ ሰው አውራ ጣት አስቀምጦበታል።

ነገሩ ወዲህ ነው። የአንድ ድምፃዊ አድናቂ ነኝ። ስሙን አልናገርም፤ ብናገር ግማሾቻችሁ ጽሑፉን ትታችሁ በሰውዬው ትከራከራላችሁ። ሦስት መቶ ገደማ አድናቂዎች የተሰባሰብንበት የቴሌግራም ግሩፕ አለን። ሥራችን ዘፈን መጋራት፣ ግጥም መተንተን፣ አልፎ አልፎም መጣላት ነው። አንድ ዓመት ልደቱ ሲደርስ አንዷ «በስሙ ገንዘብ እናዋጣና የሚጠቅም ነገር እንሥራ» አለች። ሐሳቡን ያገኘችው ከኮሪያ ፖፕ አድናቂዎች ነው። እነሱ ዘፋኛቸው ኮንሰርት ሲኖረው በአበባ ጉንጉን ፋንታ ሩዝ በጆንያ ይልካሉ። ጆንያው የአዳራሹ በር ላይ ሪባን ታስሮለት ይደረደራል። ኮንሰርቱ ሲያልቅ ሩዙ ለተቸገሩ ሰዎች ይሄዳል። አበባ ይጠወልጋል፣ ሩዝ ይበላል። ማን ይጠላዋል?

እኛም ለአንድ የሕፃናት ማሳደጊያ ብርድ ልብስ እንግዛ ተባባልን። ፖስተር የሚሠራ ልጅ አለን፤ በአንድ ማታ ጨረሰው። የድምፃዊው ፎቶ፣ ከሥሩ በትልቁ «230 ብርድ ልብስ»። ገንዘብ ያዥ ማን ይሁን ሲባል ግሩፑ ጭጭ አለ። ሁልጊዜ የሚንጫጫ ግሩፕ እኮ ነው። እኔን ደግሞ ዝምታ ያስጨንቀኛል። «እኔ እይዛለሁ» አልኩ። ጅል።

ገንዘቡ በሁለት ሳምንት ሞላ። የተገዛው ግን 214 ብርድ ልብስ ነው። የ16ቱ ዋጋ ለጭነት መኪና፣ ለጫኝና አውራጅ፣ ዝናብ እንዳያበሰብሰው ለተገዛ ላስቲክ ወጣ። ደረሰኞቹን አንድ በአንድ ፎቶ አንስቼ ለጠፍኩ። ሌላው ሁሉ ልብና ጭብጨባ ሲልክ አንዱ የላከው ያቺን ጥያቄ ነው።

«ብርድ ልብስ እግር የለውም» ብዬ መልስ ጻፍኩ። ከዚያ አጠፋሁት። ተናድጄ ነበር፤ ትንሽም አፍሬያለሁ። ሌባ የተባልኩ መሰለኝ። (ተብያለሁም። በግል የላኩልኝ አሉ።)

ከዚያ ወዲህ ሙዚቀኞች ለተቸገረ ገንዘብ ሰበሰቡ ሲባል ዓይኔ መድረኩ ላይ አይቆይም። ወደ መኪናው ይሄዳል። ማን ጫነው? ማን ፈረመ? ስንት መንገድ ላይ ቀረ? ድሮ በስሜት ያነበብኳቸውን ታሪኮች በዚህ ዓይን እንደገና ማንበብ ጀመርኩ። ያኔ ያላየሁት ብዙ ነገር አለ።

ከትልቆቹ የመጀመሪያ የሚባለውን እንውሰድ። ኦገስት 1 ቀን 1971፣ ኒውዮርክ፣ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።) ሲታር የተባለው የሕንድ የክር መሣሪያ ሊቅ ራቪ ሻንካር ዘሩ ከቤንጋል ነው። የባንግላዴሽ ሰዎች ከአውሎ ነፋስ ሳያገግሙ ጦርነት መጣባቸው፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ወደ ሕንድ ተሰደዱ። ሻንካር ለወዳጁ ለቢትልሱ ጆርጅ ሃሪሰን ነገረው። ሃሪሰን ስልክ አነሳ። ቦብ ዲላን፣ ኤሪክ ክላፕተን፣ ሪንጎ ስታር፣ ቢሊ ፕሬስተን መጡ። በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ተጫወቱ፤ በድምሩ 40,000 ገደማ ሰው ገባ።

ሻንካር መጀመሪያ ወጥቶ ሲታሩን ሲቃኝ ሕዝቡ አጨበጨበ። ዘፈን መስሎት ነው። እሱም ቅኝቱን እንዲህ ከወደዳችሁት ጨዋታውን የበለጠ እንደምትወዱት ተስፋ አደርጋለሁ አላቸው። ይህቺን ባነበብኩ ቁጥር እስቃለሁ። የእርዳታ ኮንሰርት ታዳሚ እንዲህ ነው። ለማጨብጨብ ቸኩሎ ይመጣል።

ከመግቢያው የተገኘው 243,418 ዶላር ከ50 ሳንቲም ለዩኒሴፍ ተሰጠ። ሃምሳ ሳንቲሟን ልብ በሉልኝ። አንድ ቦታ እንደ እኔ ያለ ሰው ተቀምጦ ቆጥሯታል።

ከሸክላውና ከፊልሙ የሚመጣው ግን ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጥ ነበር። ችግሩ፣ ከኮንሰርቱ በፊት ከግብር ነፃ ለመሆን የሚያስፈልገው ወረቀት አልተሞላም። ማን ያስበዋል? ሰው እየሞተ፣ ጊታር እየተቃኘ፣ ቅጽ የሚሞላ ማን ነው? የአሜሪካ ግብር መሥሪያ ቤት ገንዘቡን ለዓመታት ያዘው። እስከ 1985 ድረስ ወደ ባንግላዴሽ የሄደው ተደምሮ 12 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ኮንሰርቱ ቀን የተወለደ ልጅ ስምንተኛ ክፍል ደርሷል ማለት ነው።

ሃሪሰን ክፉ ሰው ስለነበረ አይደለም። ልቡ ቀና ነበር። ወረቀቱ ነው የጎደለው።

አሁን ስለ እኛ ወደ ተዘፈነው እንምጣ። እዚህ ላይ ቶሎ ማለፍ አልችልም።

ኦክቶበር 23 ቀን 1984 ቢቢሲ ከኮረም የተቀረጸውን ዘገባ አሳየ። ጋዜጠኛው ማይክል ቡርክ፣ ካሜራውን የያዘው ኬንያዊው መሐመድ አሚን ነው። እኛ «ሰባ ሰባት» የምንለው ረሃብ ነው። አዲስ አበባ ላይ የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በድምቀት ከተከበረ ገና ሁለት ወር አልሞላውም። አየርላንዳዊው ዘፋኝ ቦብ ጌልዶፍ ዘገባውን አየ፤ ከሚጅ ዩር ጋር ዘፈን ሠራ። ኖቬምበር 25 ለንደን ውስጥ የዘመኑ ኮከቦች አንድ ስቱዲዮ ገብተው በአንድ ቀን ቀረጹት። ባንድ ኤይድ ይሄ ነው።

ዘፈኑ የገና ነው። ርዕሱ፣ ገና መሆኑን ያውቁ ይሆን ብሎ ይጠይቃል። ክርስትና ከአራተኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ያለበትን አገር ነው የሚጠይቀው። ዝናብም ወንዝም የለም ይላል፤ የአባይን አገር። በዚህ ብዙ ተስቆበታል። እኔም ስቄያለሁ። የሳቅኩት ግን ሆዴ ሞልቶ ነው። በዚያ ረሃብ እስከ 1 ሚሊዮን የሚደርስ ሰው እንዳለቀ ይገመታል። ኮረም ላይ እህል ይጠብቅ ለነበረ ሰው የግጥሙ ስህተት ምኑም አልነበረም። ስህተቱ የደረሰው ለእኛ፣ ለተረፉት ልጆችና ለልጅ ልጆች ነው። ውጭ አገር የኖረ ሰው ይህን ያውቀዋል። ከየት ነሽ ስትባይ ትመልሻለሽ፤ ከዚያ ያ ፊት ይመጣል። የሚያዝን ፊት። ዘፈኑን በልቡ እያዜመ ይሆን ትያለሽ።

የእንግሊዝ መንግሥት መጀመሪያ ከሸክላው ሽያጭ ላይ ታክሴን አልተውም አለ። ጌልዶፍ ጠቅላይ ሚኒስትሯን ማርጋሬት ታቸርን ሳይቀር ሞገተ። ጫጫታው ሲበዛ መንግሥት የታክሱን ያህል ለእርዳታው ሰጠ። ከባንግላዴሽ የተማረ ሰው ማለት ይሄ ነው፤ ከሙዚቃው እኩል ስለ ታክሱ ይጮሃል።

ሁለት ወር ቆይቶ አሜሪካኖቹ ተነሡ። ጃንዋሪ 28 ቀን 1985 ሌሊት ሆሊውድ ውስጥ፣ ከአንድ የሽልማት ሥነ ሥርዓት ማግሥት ሳይባል በዚያው ማታ፣ ማይክል ጃክሰንና ላዮኔል ሪቺ የጻፉትን ዘፈን ሊቀርጹ ተሰበሰቡ። መሪው ኩዊንሲ ጆንስ ነው። ሌሊቱ ሲገፋ ስቲቪ ዎንደር በመሃል ስዋሂሊ ይግባበት የሚል ሐሳብ አመጣ። ክርክር ተነሣ። ኧረ ኢትዮጵያ ውስጥ ስዋሂሊ አይነገርም ተባለ። ስቲቪን አልፈርድበትም። ቢያንስ የራሳቸው ቋንቋ ይኑራቸው ብሎ ነው ያሰበው፤ የየትኞቹ ቋንቋ እንደሆነ ነው የሳተው።

በዚያው ሌሊት እሱው የጋበዛቸው ሁለት ኢትዮጵያውያን ሴቶች ስቱዲዮው ገቡና አመሰገኑ። ያለቀሱ ዘፋኞች ነበሩ ይባላል። እኔ ሁልጊዜ የማስበው ስለነዚህ ሁለት ሴቶች ነው። አርባ ምናምን ኮከብ ፊት ቆመው በአንድ አገር ስም አመሰግናለሁ ማለት ምን ዓይነት ሸክም ነው? ወደ ቤት ሲመለሱ መኪና ውስጥ ምን ተባባሉ? «ማይክል ጃክሰንን አየሽው?» ነው ወይስ ዝም?

ከዚያ ላይቭ ኤይድ የተባለው የእርዳታ ኮንሰርት መጣ። ጁላይ 13 ቀን 1985፣ ለንደን ዌምብሌይ ላይ 72,000፣ ፊላዴልፊያ ላይ ደግሞ 90,000 ገደማ ሰው። ፊል ኮሊንስ ለንደን ተጫውቶ በኮንኮርድ በርሮ ፊላዴልፊያ ላይ ደገመው። ፍሬዲ ሜርኩሪ የሚዘፍንበት የኩዊን ባንድ 21 ደቂቃ እስከ ዛሬ ይወራል። ዴቪድ ቦዊ ከሚጫወታቸው አንዱን ትቶ በምትኩ ከኢትዮጵያ የተቀረጸ ፊልም እንዲታይ አደረገ። ያ ፊልም ከታየ በኋላ የመዋጮው ስልክ ተጨናነቀ። አንድ ዘፋኝ ዘፈኑን ትቶ ዝም በማለቱ የበለጠ ገንዘብ መጣ። የሚገርመኝ እሱ ነው። ከባንድ ኤይድና ከላይቭ ኤይድ አንድ ላይ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰበሰበ።

ከዚያ ሁሉ ግን የእኔ ተወዳጅ ታሪክ የጭነት መኪናው ነው። ሱዳን ውስጥ እህሉን የሚያመላልሱ የመኪና ባለቤቶች ተመሳጥረው ዋጋ ሰቅለው ነበር። የባንድ ኤይድ ሰዎች ምን አደረጉ? የራሳቸውን መኪኖች ገዙ። በፍሬዲ ሜርኩሪ ድምፅ የመጣ ገንዘብ ጎማና ናፍጣ ሆነ። ይህን ሳነብ ብርድ ልብሶቼ ትዝ አሉኝና ብቻዬን «ይኸው!» ብዬ ጮህኩ። ጌልዶፍም እግር ገዝቷል።

መኪናው ሲደርስ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። እህሉ የገባው ጦርነት ውስጥ ነው። ደርግ በዚያው ጊዜ 600,000 ገደማ ሰው ከሰሜን አንስቶ ወደ ደቡብና ምዕራብ አሰፈረ፤ ብዙዎቹን በግድ። የድንበር የለሽ ሐኪሞች የፈረንሳይ ክፍል ይህን በይፋ ሲያወግዝ ዲሴምበር 1985 ከአገር ተባረረ። ሌሎች አፋቸውን ይዘው ቆዩ። ዝም ብሎ ማብላትም፣ ተናግሮ መባረርም ሰው ያስከፍላል። ዘፈን እዚህ ቦታ ላይ አይደርስም። አራት ደቂቃ ነው።

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል። በ1985 ሌላም ዘፈን ነበር። ካሜሩናዊው ማኑ ዲባንጎ የአፍሪካ ሙዚቀኞችን ሰብስቦ ለኢትዮጵያ አዘፈነ፤ ሳሊፍ ኬይታ፣ ዩሱ ንዱር፣ ሞሪ ካንቴ ነበሩበት። ርዕሱ በፈረንሳይኛ ነው፤ «ታምታም ለኢትዮጵያ» እንደማለት። ስንቶቻችን ሰምተነዋል? እኔ የሰማሁት ሠላሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው። ጎረቤት ሲያዝንልህ አይወራም፤ ሩቅ ያለ ሀብታም ሲያዝንልህ ቴሌቪዥን ይመጣል። በ2005 ጌልዶፍ ላይቭ ኤይትን ሲያዘጋጅ እንኳ ለአፍሪካውያኑ ሙዚቀኞች አብዛኞቹ የተሰጣቸው መድረክ ከለንደን ርቆ ኮርንዎል ነው። ለአፍሪካ በተደረገ ኮንሰርት አፍሪካ ጓሮ ገባች።

ወደ ብርድ ልብሶቹ ልመለስ።

ያስረከብን ቀን አምስት ሆነን ሄድን። ፖስተር የሠራው ልጅ የድምፃዊውን ፎቶ የያዘ ትልቅ ጨርቅ አምጥቷል። ዕቅዱ ልጆቹን ከጨርቁ ፊት፣ እያንዳንዳቸው ብርድ ልብስ አቅፈው፣ ፎቶ ማንሳት ነው። ቆንጆ ፎቶ ይወጣዋል። ለድምፃዊው ታግ እናደርገዋለን፣ እሱ ካየው ደግሞ… አያችሁ ሐሳባችን የት እንደደረሰ።

የማሳደጊያው ኃላፊ ሸምገል ያሉ ሴት ናቸው። ጨርቁን አዩት። ስልኮቻችንን አዩ። ከዚያ እኔን ወደ ጎን ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ስለ ብርድ ልብሱ እግዜር ይስጥልን። ፎቶውን ግን ተይው።»

«ፊታቸውን እንሸፍነዋለን እኮ…»

«እነዚህ ነገ ያድጋሉ። ስልክ ይይዛሉ። ስማቸውን ሲፈልጉ የሚያገኙት ይሄን ይሁን?»

አልተቆጡም። እንዲያውም እጄን ይዘው ነበር። የምመልሰው አጣሁ። ብርሃን ወልዱ ትዝ አለችኝ። በ1984 ልትሞት ነው ተብላ የተቀረጸችው ሕፃን ናት፤ ፊቷ ላይቭ ኤይድ ላይ ለዓለም ታየ። ተረፈች። በ2005 በለንደኑ ላይቭ ኤይት፣ ሃይድ ፓርክ ላይ ከማዶና ጎን ቆመች። ትልቅ ሰው ሆና፣ ተምራ፣ አሁንም የምትተዋወቀው በዚያች ደቂቃ ነው። ሰው ከሕይወቱ የከፋችውን ደቂቃ መታወቂያ አድርጎ እንዲዞር ማን ይፈልጋል?

ስለዚህ ያነሳነው የታጠፉ ብርድ ልብሶች ክምር ነው። ከጥጉ አንድ ትንሽ ጣት ገብታለች፤ አንዱ ልጅ ለስላሳነቱን እየነካ ነበር። እሷንም ቆርጬ አወጣኋት።

ግሩፑ ውስጥ ማጉረምረም ተጀመረ። «ልጆቹስ የታሉ?» «ማስረጃ የለም ማለት ነው?» ዘጠኝ ደረሰኝ ለጥፌያለሁ እኮ! ቁጥር ያለው፣ ማህተም ያለው፣ ፊርማ ያለው። ማስረጃ ማለት ግን ለብዙዎቻችን ፊት ነው። ፈገግ ያለ ልጅ ካየን ገንዘቡ በቦታው ደረሰ እንላለን። ደረሰኝ ያሰለቻል። እኔ ደግሞ ገንዘብ ያዥ ሆኜ የተማርኩት የዚህን ተቃራኒ ነው። ለሌባ የልጅ ፎቶ ማንሳት ቀላል ነው፤ የሚከብደው የመኪናውን ወጪ ማስረዳት ነው።

እርግጥ ደረሰኝ የሌለው ገንዘብም አለ። ሃሪ ቤላፎንቴን ውሰዱ። ከላይ ያነሳሁት የአሜሪካኖቹ ዘፈን ሐሳብ አመንጪ እሱ ነው፤ እሱ ግን ከዚያ ሃያ ዓመት በፊትም በዚሁ ሥራ ላይ ነበር። በ1963 በርሚንግሃም ውስጥ ሰልፈኞች ሲታሰሩ የዋስትና ገንዘብ አፈላልጓል። በኦገስት 1964 ደግሞ ሚሲሲፒ ውስጥ ጥቁሮችን ለምርጫ የሚያስመዘግቡ ወጣቶች ገንዘብ አለቀባቸው። ሦስት ጓደኞቻቸው ተገድለዋል። ቤላፎንቴ 70,000 ዶላር ሰበሰበ፣ በሐኪም ቦርሳ ውስጥ ከተተው፣ ጓደኛውን ተዋናዩን ሲድኒ ፖይቲየርን አስከትሎ በትንሽ አውሮፕላን ግሪንዉድ ወረደ። ከአውሮፕላን ማረፊያው ጀምሮ ነጭ ዘረኞቹ የኩ ክላክስ ክላን ሰዎች በመኪና ተከተሏቸው። እንደምንም አምልጠው አዳራሹ ደረሱ። ወጣቶቹ እየዘፈኑ ተቀበሏቸው። ቤላፎንቴም ቦርሳውን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈው።

ያ ገንዘብ ምን ገዛ? ቤንዚን፣ ምግብ፣ ዋስትና፣ የቤት ኪራይ። ለፍትሕ የሚዋጣ ገንዘብ ፎቶ አይወጣለትም። ብርድ ልብስ እንኳ አይደለም። የጠበቃ ሰዓት ነው።

አንዳንዴ ደግሞ ሙዚቀኛ የሚሰጠው ትልቁ ነገር እምቢታው ነው። በ1985 ስቲቨን ቫን ዛንት ሙዚቀኞችን ሰብስቦ የአፓርታይድን የመዝናኛ ከተማ ሰን ሲቲን የሚያወግዝ ዘፈን አወጣ። ሰን ሲቲ ለዘፋኞች የሚከፍለው ከፍተኛ ገንዘብ ነበር። ዘፈኑ ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለፀረ አፓርታይድ ትግሉ አስገኝቷል፤ ዋና ቃሉ ግን ቀላል ነው፦ እዚያ አንጫወትም። እንዲህ ያለውን መዋጮ በምን ደረሰኝ ትቆርጥለታለህ?

የዛሬ አድናቂ የድሮው ዓይነት አይደለም። ድሮ ሸክላ ይገዛል፣ ያጨበጭባል፣ ስልክ ደውሎ ቃል ይገባል። ዛሬ ራሱ ያደራጃል። በጁን 2020 የኮሪያዎቹ ዘፋኞች ቢቲኤስ ከኩባንያቸው ጋር 1 ሚሊዮን ዶላር ለጥቁሮች መብት ለሚታገለው «ብላክ ላይቭስ ማተር» መስጠታቸው ሲሰማ አድናቂዎቻቸው እኛም እኩል እናዋጣለን ብለው ተነሡ። ከአንድ ቀን ብዙም ሳይርቅ ሞላ። ማንም አላዘዛቸውም። ሰው ያየው ሃሽታጉን ነው። ከሥሩ ግን «ዋን ኢን አን አርሚ» የሚባል የአድናቂዎች ስብስብ አለ፤ ከ2018 ጀምሮ ድርጅት ሲመርጥ፣ ሲያጣራ፣ ማገናኛ ሲያዘጋጅ የኖረ። ቀኑ ሲመጣ ቧንቧው ተዘርግቷል፤ ውኃውን መልቀቅ ብቻ ነው።

የካናዳዎቹ ሙዚቀኞች እነ አርኬድ ፋየርም ከእያንዳንዱ ትኬት ላይ አንድ ዶላር እየቀነሱ ለሄይቲ ሕክምና ይሰጡ ነበር። ከዚያ ልምድ የወጣው ፕላስ ዋን የሚባለው ድርጅት ዛሬ ለሌሎች ሙዚቀኞችም ይህንኑ ይሠራል። ታዳሚው አያለቅስም፣ ፊልም አያይም። አንድ ዶላር ናት። ምናልባት አያስተውላትም።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። እውነት ነው። ተረቱ የማይነግረን ሎሚዎቹን ማን እንደቆጠራቸው ነው።

ያ ሰውዬስ? «የ16ቱስ?» ያለው።

አንድ ሳምንት ያህል አኮረፍኩ። ከዚያ በግል ጻፍኩለት። «ወንድሜ፣ ጥያቄህ ስላልገባኝ ነው» ብዬ በጨዋ ቋንቋ ጀመርኩ። መልሱ ረጅም ነበር። ሰውዬው መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ከባልደረቦቹ እየዞረ አዋጥቷል። አሥራ ስድስት ሰዎች ናቸው። እያንዳንዳቸው የአንድ ብርድ ልብስ ዋጋ ሰጥተውታል። የእኔ ሪፖርት ሲወጣ 16 ጎደለ። የቢሮ ሰው ቀልድ አያልቅበትም፤ «የቀሩት የእኛዎቹ ናቸው» አሉት። ለምሳ ሲወጡ፣ ሻይ ላይ፣ ደረጃ ላይ፣ «የእኛ ብርድ ልብስ ደረሰ?» ሆነ። እንቅልፍ ነሱት።

«እህቴ፣ አንቺን ተጠራጥሬ አይደለም» አለኝ። «የምነግራቸው አጥቼ ነው።»

ለካ እሱም ገንዘብ ያዥ ነው።

የመኪናውን ደረሰኝ ለብቻው አጉልቼ ላኩለት። የጫኞቹን ፊርማም። በማግሥቱ ቢሮው ግድግዳ ላይ ለጥፎት ፎቶውን ላከልኝ። ከሥሩ አንዱ ባልደረባው በእስክርቢቶ «እሺ፣ እኛ ነዳጁ ነን» ብሎ ጽፎበታል።

በሁለተኛው ዓመት ፖስተሩ ላይ «200 ብርድ ልብስ፣ 1 መኪና፣ 4 ጫኞች» ብለህ ጻፍ አልኩት ፖስተር የሚሠራውን ልጅ። «ይሄ ፖስተር ነው ደረሰኝ?» ብሎ ተቆጣ። ብዙ ተጨቃጨቅን። መኪናው በትንሽ ፊደል ከታች ገባ። ድምፃዊው በነገራችን ላይ ይህ ሁሉ ሲሆን የሰማ አይመስለኝም። አንድ ጊዜ ታግ ካደረግንበት ፎቶ ሥር ልብ ተቀምጦ አየንና ግሩፑ ተደበላለቀ። አካውንቱ የሌላ ሰው ሆኖ ተገኘ።

ዘንድሮ ሒሳቡን የምንይዘው ሁለታችን ነን፤ እኔና የ16ቱ ሰውዬ። ትናንት ማታ በስልክ አንድ ላይ ስንደምር አመሸን። እሱ ይጠራል፣ እኔ ምልክት አደርጋለሁ። አብዛኛው ከስሙ ጋር ስክሪንሾት የላከ ሰው ነው። አንዱ ብቻ በየወሩ ትንሽ ትንሽ ያስገባል፤ ስም አይጽፍም፣ ስክሪንሾት አይልክም፣ ግሩፑ ውስጥ ይሁን አይሁን አይታወቅም። በዝርዝሩ ላይ «ነጥብ» ብለን መዝግበነዋል።

መጨረሻ ላይ ሃምሳ ሳንቲም ትርፍ መጣ።

«እንደገና» አለ።

እንደገና ደመርን። ሃምሳ ሳንቲም።

«ከእኔ ኪስ ናት ብለን እንዝጋው» አልኩ። ሌሊት ሰባት ሰዓት ሆኗል።

«አይሆንም» አለኝ። «ከላይ ጀምሪ።»